ቁሱ የማን ነው? ተፈጥሮ፣ ሰፈርና የቅይጥ ቁስ ጥበብ በድሬዳዋ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ይፋዊ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)





ንግግሬን በአንዲት ክብ ጠጠር ልጀምር። ከዚህ ከተማ በስተደቡብ፣ ጠንካራ እግር ያለው ሰው ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የተባለ ዋሻ ይገኛል። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዋሻውን ለውጭው ምሁራን ዓለም ያስተዋወቁት ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን እና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1920ዎቹ ነበር። ከዋሻው ተቆፍረው ከወጡት ቅርሶች መካከል ኦከር የሚባለው ብረት አዘል ቀይና ቢጫ አፈር ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 4,213 የኦከር ቁርጥራጮችን መርምሯል፤ ጠቅላላ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ዕድሜያቸውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። ከእነርሱ ጋር መፍጫ ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ አንዲት ክብ ጠጠርም ተገኝታለች። ጠጠሯ ግማሽ ገጿ ቀለም የተነከረ ነው። አጥኚዎቹ እንደ ማኅተም ሆና በለስላሳ ነገር ላይ፣ ምናልባትም በቆዳ ላይ፣ ቀለም ለማሳረፍ ሳታገለግል አልቀረችም ይላሉ።

ከዚያው ዋሻ ከ400 በላይ ቀዳዳ ያላቸው የየብስ ቀንድ አውጣ ክዳኖችም ወጥተዋል። ቀንድ አውጣዋ ወደ ቅርፊቷ ገብታ በሯን የምትዘጋባት ትንሿ ክብ ክዳን ናት። በክዳኖቹ ላይ የተደረገው ጥናት ለጌጥነት እንደ ዶቃ የዋሉ መሆናቸውን ያመለክታል። እንግዲህ የአፈር ቀለም፣ ድንጋይ፣ ቀንድ አውጣ፣ ምናልባትም ቆዳ በአንድ ዋሻ ውስጥ ተሰባስበው ነበር ማለት ነው። ይህን የማነሣው «እኛ ቀድመን ነበርን» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ኩራት ለጥበብ ብዙ አይፈይድም። የማነሣው ተማሪዎቼ ሚክስድ ሚዲያ የሚባለውን አሠራር፣ እኔ በዚህ ንግግር ቅይጥ ቁስ የምለውን፣ ከፓሪስ ወይም ከኒው ዮርክ በፖስታ የመጣልን ዘዴ አድርገው ስለሚያዩት ነው። እርግጥ ነው፣ ፒካሶና ብራክ ከመቶ ዓመት በፊት ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት በሸራ ላይ ለጥፈዋል፤ የጥበብ ታሪክ መጽሐፍ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በዚህ ከተማ ለምንኖር ግን ሌላ መነሻም አለን።

ዛሬ ልነጋገርበት የፈለግሁት ጉዳይ የዘዴው ዕድሜ አይደለም። ሠዓሊ ቱቦ ቀለም ሲገዛ ቁሱ የማን ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም፤ ደረሰኝ አለው። አሸዋ፣ ዶቃ፣ ያረጀ ሽቦ፣ የጎረቤት ሰፌድ ሲያነሣ ግን ቁሱ አስቀድሞ ባለቤት አለው፣ ትዝታም አለው። ከየት ተነሣ፣ በማን ፈቃድ ተነሣ፣ ማን ደከመበት የሚሉት ጥያቄዎች ከሥራው ውጭ የሚቀሩ የአስተዳደር ጉዳዮች አይደሉም። እኔ የሥራው አካል ናቸው ባይ ነኝ። ይህንን በመጽሐፍ ሳይሆን በስሕተት ነው የተማርኩት፤ ስሕተቱንም ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘውን የሐርላን መንደር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ባካሄደው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወትና የከበረ ድንጋይ ዶቃዎች፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ እንዲሁም ከየመን፣ ከማልዲቭስ፣ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ጌጣጌጥ የሚሠራባቸው ቦታዎችም ነበሩ። ይኸውም ሐርላ ዕቃ የሚያልፍባት ብቻ ሳትሆን ከሩቅ የመጣውን ከቅርቡ ጋር አጣምረው ሌላ ነገር የሚሠሩ እጆች የነበሩባት ከተማ ነበረች። የአካባቢው ገበሬዎች ግንቦቹ የተሠሩባቸውን ታላላቅ ድንጋዮች እያዩ «በዚህ ግዙፋን ሰዎች ይኖሩ ነበር» ይሉ ነበር። ምሁራኑ ሳይደርሱ ቦታውን በትረካ የጠበቀው ይህ አፈ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ አልንቀውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው የሚሆን የሸክላ ስብርባሪና ሦስት ዶቃ ይዞ መጣ። ከሐርላ ማሳ ለቅሞ ያመጣው ነው። አቀናብሮ ሲያሳየኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ያምር ነበር። የሸክላው ቀለምና በሥሩ ያነጠፈው አሸዋ እንደ ወንድማማች ነበሩ። ነገር ግን ያ ስብርባሪ ከአፈሩ በወጣ ጊዜ የነበረበት ጥልቀት፣ በጎኑ የነበረው ከሰል፣ ከበላዩ የነበረው ንብርብር ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። አርኪዮሎጂስት አንድን ቁራጭ የሚያነበው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው፤ ለብቻው የወጣ ዶቃ ዲዳ ነው። ሕጉም ግልጽ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ተማሪው ቁሶቹን መለሰ። ሥራውንም በአዲስ ሸክላ እንደገና ሠራው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ። ይህን የምነግራችሁ ትክክለኛ ነገር ማድረግ ሁልጊዜ የተሻለ ሥዕል ይሰጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። አንዳንድ ጊዜ ያስከፍላል።

ከሐርላ ወደ ከተማው እንመለስ። ድሬዳዋ ራሷ ቅይጥ ቁስ ናት ቢባል የሚያሰለች አባባል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ልናገር። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ የደረሰው ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው። ከተማዋን የወለዳት ዳገት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም በደቻቱ አንድ ወገን ከዚራ በቀጥተኛ ጎዳናዎቹና በዛፎቹ፣ በሌላው ወገን መጋላ በጠባብ መተላለፊያዎቹና በቀፊራ ገበያ ተመሠረቱ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ አርጎባው፣ ከውጭም ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ፣ ፈረንሳዩ ተጎራበቱ። በአንድ ሰፈር እድርም አፎሻም አለ፤ ድንኳኑንና የጋራ ዕቃውን ማን እንደ ያዘ፣ ማን እንዳልመለሰ ሁሉም ያውቃል። አንድ ነገር የጋራ ሲሆን ባለቤት የለውም ማለት እንዳልሆነ ከአፎሻና ከእድር የተሻለ የሚያስተምር የለም። የጋራ ብረት ድስት እጅግ ብዙ ባለቤት ያለው ድስት ነው።

የሰፈርን ጥበብ ለማየት ለምትሹ፣ ስፌት የያዙ ሴቶች ካሉበት በረንዳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ስንደዶና አክርማ፣ ቀለም የተነከረ አለላ፣ አንዲት ወስፌ፤ መሣሪያው ይኸው ነው። ሐረሪዎች ይህን ሙያ ወደ ከፍተኛ ደረጃ አድርሰውታል፤ በቤታቸው ግድግዳ የተሰቀሉት ስፌቶች ዕቃ ብቻ ሳይሆኑ የቤቱ ታሪክ ናቸው። መደቡም በቀይ አፈር ይቀባል፤ ከፖርክ ኤፒክ ያን ያህል የራቀ እጅ አይደለም። ዛሬ ስፌቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ፈትል ሲገባ ይታያል። ባህል ተበላሸ ብለው የሚያዝኑ አሉ። እኔ ብዙም አላዝንም፤ ሰፊዋ በእጇ የገባውን ቁስ ከሣሩ ጋር ታስማማዋለች፤ ቅይጥ ቁስ የምንለው ይኸው አይደለምን? የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሠዓሊ ነኝ ባዩ ያንን ሰፌድ ከገበያ ገዝቶ በሰሌዳ ላይ ቸንክሮ፣ ስሙን ጽፎ ሲሰቅለው፣ የሰፊዋ ስም የትም አይገኝም። ሥራው ከአሥር እጅ ዘጠኙ የእርሷ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ስለ ኤልያስ ስሜ። በእርግጥ ከእርሱ በፊትም መንገዱን የጠረጉ አሉ። እስክንድር ቦጎሲያን በዛፍ ልጥ ልብስና በፍየል ቆዳ ሠርቷል። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጣሪን መሠረት አድርጎ የሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልሟል። ኤልያስ ግን ከዛሬው ጥያቄያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በቂርቆስ ሰፈር አደገ፤ ዛሬ በአለ ፈለገ ሰላም ስም በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማረ። ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ክር፣ ጭቃና ገለባ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ቁሶች ነበሩ። በኋላም ታይትሮፕ ብሎ በሰየመው ተከታታይ ሥራው፣ ከመርካቶ የሚያገኛቸውን የስልክ ሽቦዎችና የኮምፒውተር ሰሌዳዎች እየጎነጎነና በእንጨት ላይ እየቸነከረ ታላላቅ ገጾችን ሠራ። ከሩቅ ስታዩዋቸው ከአየር ላይ የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላሉ፤ ስትቀርቡ እያንዳንዱ መስመር ሽቦ ነው።

ብዙ ጸሐፍት ይህንን «ሪሳይክል» ይሉታል። ቃሉ አይጥመኝም። ሪሳይክል የቁሱን ያለፈ ሕይወት አቅልጦ አዲስ ያደርገዋል፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ወረቀት ይቦካል። የኤልያስ ሽቦ ግን ሽቦነቱን አልተወም። አንድ ጊዜ ድምፅ ተሸክሞ ነበር፤ ምናልባትም ከውጭ አገር በአሮጌ መሣሪያ ሆድ ውስጥ መጥቶ፣ በመርካቶ ተፈትቶ፣ በሠዓሊው ረዳቶች እጅ ተጎንጉኖ፣ ወደ ኒው ዮርክ ጋለሪ ተመልሶ ሄደ። ይህ ጉዞ በሥራው ገጽ ላይ ይነበባል። እንዲነበብ ያደረገውም ሠዓሊው ቁሱን አለመደበቁ ነው።

ከሥነ ሰብ ባለሙያዋና ከኩሬተሯ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት ዞማ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። አዲስ አበባ መካኒሳ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም በጭቃና በገለባ፣ በባህላዊ የጭቃ ቤት አሠራር የታነጸ ነው፤ ግድግዳው ራሱ በእጅ የተቀረጸ ሥዕል ነው፤ ግቢው የአትክልት ቦታና የሕፃናት ትምህርት ቤት አለው። ዞማ በሐርላም ቦታ እንደነበረው ለእኛ የድሬዳዋ ሰዎች ሊዘነጋ አይገባም። ከዚያ ልምድ እኔ የወሰድኩት ትምህርት ይህ ነው፤ የጭቃ ቤት አንድ ሰው ብቻውን አያቆመውም። ጭቃ የሚያቦካ፣ ማገር የሚያስር፣ የሚመርግ አለ። ሠዓሊው ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ሲሆን ሰፈሩ የሥዕሉ ርእስ መሆኑ ቀርቶ የሥዕሉ ሠሪ ይሆናል። በሌላ በኩል፣ በዓለም ጋለሪዎች ግድግዳ ላይ በምትለጠፈው ካርድ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱና ቁሱ ይጻፋሉ፤ የጎነጎኑት እጆች ስም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የካርዱ ልማድ ነው። ልማድ ከሆነ ደግሞ እኛ በዚህ ፋኩልቲ ልንለውጠው እንችላለን።

አሁን ወደ ደቻቱ ልውረድ። ቀድሜ የጠቀስኩት ስሕተቴም ያለው እዚያ ነው።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት የአሸዋ መንገድ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። ዝናቡ የሚጥለው እዚህ ሳይሆን ከላይ፣ ከደንገጎ ማዶ ባለው ደጋ ነው፤ ስለዚህ ውኃው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣውን እዚህ ያላችሁ ትልልቆች አትረሱትም። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

እኔም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የደቻቱን ዳር እየዞርኩ ውኃ የጣለውን እሰበስብ ነበር። የተጣመመ ቆርቆሮ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የበር ማጠፊያ፣ በአሸዋ የተፋቀ እንጨት። ከሁሉ የወደድኩት አበባ የተሣለበት የብረት ሳህን ነበር፤ ግማሹ ዝጓል፣ ግማሹ አበባ ነው። በትልቅ ሰሌዳ ላይ አሸዋ በሙጫ አንጥፌ ሳህኑን መካከሉ ላይ አደረግሁት፤ በወቅቱ ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ መሰለኝ። በአንድ ትንሽ ዐውደ ርእይ ላይ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ቀን ከመጋላ ወገን የመጡ አንዲት እናት ፊት ለፊቱ ቆሙ። ብዙ ቆዩ። እኔም ያደነቁ መስሎኝ ቀረብ አልኩ። ዞረው «አቦ ልጄ፣ ይህ ሳህን የማን ነው?» አሉኝ።

የእርሳቸው ነው አላሉም። እርሳቸው የጠየቁት ስሙን ነው። እኔ ግን ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ቅንብሩ ብጠየቅ ለአንድ ሰዓት የምናገር ሰው፣ መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሳህን ማን እንደበላ ሳልጠይቅ፣ የሐዘኑን ቤት ሳላንኳኳ፣ ሐዘኑን አጌጥኩበት። ሥራውን በማግስቱ አወረድኩት። ሳህኑን ነቅዬ በሰፈሩ ላሉ ሽማግሌዎች ሰጠሁ፤ ባለቤቱ ተገኝቶ እንደሆነ አልሰማሁም። ሰሌዳው ዛሬም በጨርቅ ተጠቅልሎ ቤቴ አለ፤ መካከሉ ላይ ክብ ባዶ ቦታ አለ። ለምን እንዳልጣልኩት ተማሪዎች ይጠይቁኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ፤ ይህ እውነተኛ መልሴ ነው።

«እንግዲያስ ስለ ጎርፉ ሥዕል አይሠራ?» የሚል ይኖራል። ይሠራ። ቁሱ ግን አስቀድሞ በባለቤቶቹ እጅ ይለፍ። አንዲት እናት ራሳቸው አምጥተው «ይህን አኑርልኝ» ያሉት ሳህንና እኔ ከአሸዋ ያነሣሁት ሳህን፣ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ዓይን አይለያቸውም። ሥራዎቹ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ወደ አሠራሩ ጉዳይ ላምራ፤ ተማሪዎች የሚበጃቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። የደቻቱ አሸዋ በየክረምቱ ይታደሳል፤ ከእርሱ ጥቂት ኪሎ መውሰድ ማንንም አይጎዳም፤ ነገር ግን በጋሪ እየጫኑ የሚያድሩበት ሰዎች አሉና ከእነርሱ ግዙ፤ ስለ አሸዋው ደቃቅነትና ሻካራነት ከማንኛችንም የበለጠ ያውቃሉ። የኒም ቅጠል፣ ጎዳናውን የሚያቀላው የፍላምቦያንት አበባና እንደ ጽናጽል የሚያንቃጭለው ፍሬው በነፃ ይወድቃሉ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ቁጥቋጦ ለከሰልና ለእንጨት ቅርጽ ይሆናል፤ እርሱን ብትቆርጡ የሚቆጣችሁ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እሾኹን ግን ተጠንቀቁ።

ሙጫን በተመለከተ ከልምድ የምለው አለ። ነጩ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በግንቦት የተቀመጠ ኮላጅ በሰኔ ቁልቁል ተንሸራትቶ ታገኙታላችሁ፤ የቀረውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ስፉ፣ እሰሩ፣ ቸንክሩ፣ ጎንጉኑ። ሰፊዎቹ ሴቶች ሙጫ ሳያውቁ ትውልድ የሚሻገር ዕቃ የሠሩት በስፌት ነው፤ የኤልያስም ሽቦ የሚቆመው በምስማር ነው።

የአሮጌው ባቡር ግቢ ደግሞ የሁላችሁም ምኞት እንደሆነ አውቃለሁ። ብሎኑ፣ የሐዲዱ ምስማር፣ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ያለበት ብረት። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱ መስመር ከከተማው ውጭ ጣቢያ ሠርቶ ሲመረቅ፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የድሮው ሐዲድ ታሪክ ሆነ። ታሪክ ስለሆነም አንድ ብሎን እንኳ ከዚያ አይነሣም። ይልቁን በፈቃድ ገብታችሁ፣ ወረቀት በብረቱ ላይ ዘርግታችሁ፣ በከሰል ፈትጉት። የፊደሉ ጉብታ፣ የመዶሻው ምት፣ ዝገቱ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ብረቱም በቦታው ይቀራል። በዚያ ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሠራተኞች ዛሬም በሰፈሩ አሉ፤ የትኛው ማሽን ምን ድምፅ እንደነበረው ይነግሯችኋል። የምትፈትጉትን ክፍል እነርሱ ይምረጡላችሁ።

ለፋኩልቲው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ወጪም የለውም። ከዚህ ዓመት ጀምሮ በተማሪዎች ዐውደ ርእይ ላይ በሚለጠፈው ካርድ፣ «ቁስ» ከሚለው መስመር ሥር ሁለት መስመሮች ይጨመሩ። አንደኛው «ከየት» ይበል። ሁለተኛው «ከማን ጋር» ይበል። ባለሙያው ወይም ባለሙያዋ ስማቸው እንዲጻፍ ካልፈቀዱ፣ አለመፍቀዳቸው ይጻፍ። ሥራው ከተሸጠ ድርሻቸው አስቀድሞ በስምምነት ይወሰን፤ ስምምነቱም በሚረዱት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ከሆነ በሶማልኛ ይሁን። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ጥበብን ወደ ቢሮ ቅጽ ያወርዳል ብለው እንደሚሰጉ ሰምቻለሁ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ እኔም ቅጽ አልወድም። የመጀመሪያውን ካርድ ግን ለራሴ ሰሌዳ ጽፌ አምጥቻለሁ። ሰሌዳው ንግግሩ ሲያልቅ በመግቢያው በር በኩል ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። «ከየት» በሚለው ላይ «ደቻቱ» ብያለሁ። «ከማን ጋር» የሚለው ባዶ ነው።

ለጥያቄ ጊዜ አለን፤ ከኋላ ካሉት ብንጀምር ደስ ይለኛል።